የእድሩ ድንኳን በእኔ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 9 - ብቸና

አራት ትልልቅ ድስት፣ ሰማንያ ሳህን፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ድንኳን። ሁሉንም «የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አንዱም የእኔ አይደለም።

ሌላ ወረቀት ለመፈለግ ጉልበት ስለሌለኝ በልብስ ልኬት ደብተሬ ጀርባ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። የፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ሠራተኛ፣ የባንኩ ነገረ ፈጅና አንድ የቀበሌ ታዛቢ። ታናሽ ወንድሜ አንዱዓለም ሞጣ ላይ ወፍጮ ሲተክል ባንክ ያበደረው በእኔ ዋስነት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ወፍጮው ቆመ። ባንኩ ከሰሰን፤ ባለፈው ወር ተፈረደብን። ያን ቀን ክፉውን ያለፍኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ከፍርድ በኋላ ሰው ቤትሽ ገብቶ አልጋሽን ይቆጥራል።

ቆጠሩ። አልጋ። ቁም ሳጥን። ቴሌቪዥን (ድምፅ እንጂ ምስል የለውም ብዬ ብነግራቸውም ጻፉት)። የስፌት መኪናዬን ግን አልነኩም። «የሥራ መሣሪያ አይያዝም፣ ሕጉ ነው» አለኝ ሠራተኛው። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ቀጥሎ የጓሮዋን ክፍል ክፈቺ ተባልኩ። የሰፈራችን እድር ዕቃ የሚቀመጥባት ክፍል ናት። ቁልፏ ከማተቤ ጎን አንገቴ ላይ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

«ይህስ የማን ነው?» አለ። ዝም አልኩ። አንድ ሳህን ገልብጦ ቂጡ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም አየና ምንድን ነው አለኝ። ምልክቴ ነው አልኩት። የድንኳኑ ጥግ ላይ እኔው ራሴ በአረንጓዴ ክር የእድሩን ስም ሰፍቼበታለሁ። ተጣጥፎ ስለነበር አልታየውም። ዘርጋው አላልኩም።

ምን ነካኝ? ባለፈው ስብሰባ የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ላቀው ስለ ባንኩ ጠይቀውኝ «ተስማምተን አልቋል» ብያለሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ዛሬ የእድሩ ነው ብል መሪጌታ ይጠሩ ሊባል ነው። ውሸቴ ሊወጣ ነው። የእድራችን ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ በእድሩ ንብረት ያታለለ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። ስሙ የተፋቀ ሰው ሲሞት ጥሩንባ አይነፋለትም። ልጅ የለኝም። ባሌን የቀበረልኝ እድሩ ነው። እኔንስ ማን ሊቀብረኝ ነው?

ዕቃው በአደራ እኔው ዘንድ ይቆያል። «ከቦታው ከተነቃነቀ በወንጀል ይጠየቃሉ» ብሎ አስፈረመኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ዛሬ ሁለቱም እኔ ቤት ተገናኙ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የተማሪ ዩኒፎርም አምስት መስፋት ነበረብኝ። ሁለት ሰፋሁ፤ የአንዱን እጅጌ ገልብጬ።

አንዱዓለም ስልክ አያነሳም። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ።

ጎረቤቴ ጋሽ ታፈረ ብሶባቸዋል። ከሆስፒታል «እቤታቸው ይረፉ» ተብለው ከተመለሱ ሳምንት ሆናቸው። ልጠይቃቸው ገባሁ። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ «ጌታዬ፣ እባክህ አቆያቸው» አልኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ አሜን አሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የለመንኩት ለሰውዬው ሳይሆን ለድንኳኑ ነው። እሳቸው ካረፉ ድንኳን ይወጣል። ድንኳን ከወጣ እኔ እታሰራለሁ። ካልወጣ ጉዴ ይወጣል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 - ሞጣ

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ። ከብቸና ግንደወይን ድረስ ስድቤን ሳዘጋጅ ነበር። አንደኛ፣ ከሃዲ። ሁለተኛ፣ የእናቴን ጡት የጠባህ አይመስለኝም። ሦስተኛውን ረሳሁት፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር።

የወንድሜ የራሱ ወፍጮ ቤት ታሽጓል። በሩ ላይ ማኅተም፣ ከሥሩ የበቀለ ሣር። አንዱዓለምን ያገኘሁት ገበያው አጠገብ ያለ የሌላ ሰው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። እህል እየመዘነ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ሆኖ። የሰው ተቀጣሪ! ሦስት ሠራተኛ ያሳድር የነበረ ልጅ። ሲያየኝ ሚዛኑን ትቶ ቆመ። ስድቤ ሁሉ ጠፋኝ።

ስልኩን ለምን አታነሳም አልኩት። «ምን ብዬ ላንሳው፣ እታለም?» አለ። በቃ። 

የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። አልጋውንም፣ ቁም ሳጥኑንም እየሰማ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ድንኳኑ ላይ ስደርስ ቀና አለ። «እማ የተለቀሰችበትን ድንኳን?» አለኝ።

እሱን አላስታወስኩትም ነበር። እውነቴን ነው፤ አልመጣልኝም።

ማታ ቤቱ አደርኩ። እውነቱን እዚህ ልጻፍ፤ ደብተሩ አይታዘበኝም። ዝም ያልኩት በእፍረት ብቻ አይደለም። የባንኩ ነገረ ፈጅ ግቢው ውስጥ «የቤት ዕቃው ካልበቃ ወደ ቤቱ እንሄዳለን» ሲል ሰምቼዋለሁ። የድስቱና የድንኳኑ ዋጋ ተጨምሮ ቤቴ ቢተርፍስ ብዬ አሰብኩ። ለአንድ አፍታ። ያችው አፍታ ናት ያስፈረመችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል - ብቸና

ስመለስ ግንደወይን ላይ ስልኬ ጮኸ። የሰፈሬ ልጅ በላይነሽ ናት። «ጋሽ ታፈረ አረፉ። ቁልፉ አንች ጋ ነው፣ የት ደርሰሻል?» አለችኝ። መንገድ ላይ ነኝ አልኩ። ያ አውቶቡስ እንዲበላሽ ተመኘሁ። እንኳን ሊበላሽ ደብረ ወርቅ ላይ እንኳ አልቆየም።

ቤቴ ስደርስ በሬ ላይ ስድስት ወንዶች ድንኳን ሊያወጡ ቆመዋል። መሪጌታ ላቀው በትራቸውን ተደግፈው ከፊት አሉ። ለብቻዎ ላናግርዎ አልኳቸው። «ሰው ሞቶ ምን ምሥጢር አለ? ተናገሪ» አሉ።

ተናገርኩ። ስድስቱም ሰሙ።

አንዱ «ኧረ ተውን፣ ማን ያየናል? አውጥተን እንትከለው» አለ። መሪጌታ በትራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ማንም እንዳይነካው! ፈርማለች። ብናነሳው ነገ የምትታሰር እሷ ናት።» ከዚያ ወደኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። ማተቤን እንዳልቆርጥ እየፈራሁ የቁልፉን ክር በስፌት መቀሴ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከትተውት ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ!

ድንኳን ከታችኛው ሰፈር እድር በልመና መጣ። የሰፈራችን ሰው በሰው ድንኳን ተለቀሰ። ይህ ሆኖ አያውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ካልሄድኩ የባሰ ነው፤ ብሄድም የባሰ ነው። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ከአጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ተነሱ። ውኃው ተቀድቶ ነበር።

ሳህን አጠብኩ። የታችኛው ሰፈር ሳህን ሰማያዊ ምልክት አለው።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙኝ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት «እሱስ አፈሩን ለብሷል፣ ድንኳን አያምረውም» አሉ። «እኔን የከፋኝ ማክሰኞ አብረን ተቀምጠን አለመንገርሽ ነው።» ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለጋሽ ታፈረም ጭምር፣ አሁን ገና።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ፤ በእኔ ጉዳይ።

ይቅርታ ስጠይቅ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሜ ልቅረብ ብዬ አንድ ድንጋይ ከግቢዬ አንስቼ ነበር። መሪጌታ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አስቀምጪው። ድንጋይ ባንክን አያስለቅቅም» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ሳቁ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። ስሟ ይፋቅ ያሉ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሳህን አላጎደለችም ያሉ አሉ። በላይነሽ ናት ይህን ያለችው፤ አልረሳላትም። ፀሐፊው መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ዓይኔን ከእስክሪብቶው መንቀል አቃተኝ።

መሪጌታ ቋጩት። እድሩ ንብረቱ እንዲለቀቅለት ለፍርድ ቤት መቃወሚያ ያቀርባል። እኔም ችሎት ቀርቤ የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን በራሴ አፍ እናገራለሁ። «ስሟን የምንፍቀው ወይም የምንተወው እዚያ የምትለውን ሰምተን ነው።»

በሐሰት መፈረም ያሳስራል የሚል ሰው አለ። አያሳስርም የሚል የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

መቃወሚያው ሰኞ ገባ። ቀጠሮው ነገ ነው።

ሦስቱን ዩኒፎርሞች ጨረስኩ። ጥሩ ተሰፍተዋል። አንዱዓለም እመጣለሁ ብሏል፤ እንጃ።

ብታሰር ቤቱን ማን ይጠብቀዋል ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ወዲያው ደግሞ የማንን ቤት አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ልጅ ብትኖረኝ ኖሮ በዚህ ዕድሜ ትሆን ነበር። የፈረምኩትን ወረቀት አሳየችኝ። «ፊርማው የእርስዎ ነው?» አዎ። «ንብረቱስ?» አይደለም፣ የእድሩ ነው። «ታዲያ ለምን የእኔ ነው ብለው ፈረሙ?»

ዞር ብዬ አየሁ። መሪጌታ፣ ፀሐፊው፣ በላይነሽ፣ ከለቅሶ የተነሱት እትዬ ጥሩወርቅ ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። አንዱዓለም በሩ ሥር ቆሟል። መጥቷል!

አፍሬ ነው ብዬ ላቆም ይቻለኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። አላቆምኩም። «አፍሬም ነው፣ ቤቴን ያስጥልልኛል ብዬም ነው» አልኩ። ከኋላዬ ሰው ሲንጫጫ ሰማሁ። ይህን ለእድሩ አልነገርኩም ነበር።

ዳኛዋ በሐሰት ማስመዝገብ ራሱ እንደሚያስጠይቅ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ሠራተኛውን «ዛሬውኑ ሄደህ ድንኳኑን ዘርግተህ እይ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ተዘረጋ። ሰው ዳር ዳሩን ይዟል። ሠራተኛው ጥግ ጥጉን እያየ ዞረና አራተኛው ላይ ቆመ። በአረንጓዴ ክር የተሰፋውን የእድሩን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። «ማን ነው የሰፋው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።

ስፌቱ ከዚህ ሁሉ ዝናብና ፀሐይ በኋላ አንድ ክር አልተተረተረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ተለቀቀ። ድስቱም፣ ሳህኑም፣ አግዳሚውም፣ ድንኳኑም። እኔንም ዳኛዋ በማስጠንቀቂያ አለፈችኝ።

ወዲያው ነገረ ፈጁ ተነሳ። የቀረው ዕቃ አይበቃም፣ ቤቱ ይታገድልን አለ። እንደሚል አውቅ ነበር። አንዱዓለም ወጥቶ ከደመወዜ በየወሩ ልክፈል ብሎ ለመነ።  ነገረ ፈጁ ለአለቆቼ አቀርባለሁ አለ። ቀጠሮ ለታኅሣሥ 8። ቤቴ ይሸጥ አይሸጥ ያን ቀን ይታወቃል። ፈርቻለሁ።

ከችሎት ስንመለስ እድርተኛው ዕቃውን ወደ በላይነሽ ቤት አጋዘ። ቁልፉን አሁን እሷ ናት የምትይዝ። ድንኳኑ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኋት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጊ አልኳት። ክፍሏ ባዶ ቀረች። ወለሉ ላይ የድስቶቹ ክብ ምልክት አለ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ መሪጌታና ፀሐፊው ግቢው ውስጥ ቀሩ። መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ያ ልሸከመው የነበረው ነው። «ስለ ቤትሽ ያልሽውን ትናንት ባትናገሪው ማንም አያውቅብሽም ነበር» አሉ። አዎ አልኩ።  «የታኅሣሥ መዋጮሽን አምጭ።»

ልኬት ደብተሬ ውስጥ ካስቀመጥኩት አውጥቼ ሰጠሁ። ፀሐፊው ጣቱን ምራቅ አስነክቶ መዝገቡን ገለጠ፣ ወደታች እየተከተለ ስሜን ፈለገ። ስሜ እዚያው አለ። ከጎኑ ምልክት አድርጎ መዝገቡን ዘጋው።