ሁለተኛው ወንበር

ልጄ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

የስፌት ቤታችን አዲሱ አለቃ ግን አንገሽግሾኛል። «በሬ ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል። በሩ ቢከፈት ምን ዋጋ አለው፣ ፊቱ ተዘግቶ! ትናንት አክስትሽ የማሽን መርፌ ጣቷን በስቷት ፈቃድ ልትጠይቅ ብትገባ፣ «ጨርቁን ደም እንዳታስነኪው!» አላት። ቢሮው ውስጥ ከሱ ወንበር ሌላ መቀመጫ የለም፤ ቆማ ለመነችው። ቱ! ሹመቱን አፈር ይብላው።

አለቃ ስትሆኚ የላክሽልኝን የቢሮሽን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ ሳሳይ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ደግሜ ሳየው ግን ክው አልኩ፤ ወንበሩ አንድ ብቻ ነው፣ ያንቺው።

ሞገሱን ይስጥሽ፣ የኔ ዓለም። እባክሽ ሌላ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሁለት ወንበር ያለበት።