ከሰልፉ ኋላ ሰው አልነበረም

ለክብርት ባለቤቴ ለየሺመቤት፣

በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህር ደብዳቤ የተቀባዩን ጤና በመጠየቅ መጀመር እንዳለበት በአለንጋ ጭምር አስረድተውኛል። ስድሳ ዓመት ጠብቄው የኖርሁትን ይህን ሥርዓት ዛሬ አፈረስሁት፤ ያንቺን ጤና መጠየቅ አልችልም፤ የእኔንም መናገር አይገባኝም። ካረፍሽ አሥራ አንድ ወር ሞልቶ ጳጉሜን ገብቷል። እስከ ሐምሌ ድረስ እንዳልጽፍልሽ እጄን የያዘው ሐዘን ነበር፤ ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ግን ሐፍረት ነው።

አስቀድሜ የቤታችንን ልንገርሽ። በጓሮ በኩል ያለው ጎረቤታችን አራት ፎቅ ስለ ሠራ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ፉሪ ተራራን ማየት ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ጉሙን ተመልክተሽ "ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም" ትዪበት የነበረው አቅጣጫ አሁን ብሎኬት ነው። የተከልሽው ጎመን የሚቀነጥሰው አጥቶ አበበ፤ ዘርም ያዘ። ቦቲሽ ግን ከበሩ ጥግ እንዳለ ነው፤ ያለፈው ክረምት ጭቃ ሶሉ ላይ ደርቋል። ልጃችን ሰናይት ለሰው ልስጠው ብትለኝ ከለከልኋት። ምክንያቱን አልነገርኋትም፤ እኔም በጊዜው አላወቅሁትም ነበር።

በየዓመቱ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት፣ ከቡሄ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ተራራውን በእግር ተሻግረን እኅትሽን ዘነበችን መጠየቅ የቤታችን ሕግ ነበር፤ በፊት ከልጆቻችን ጋር፣ በኋላም ከሰናይት ሦስት ልጆች ጋር። በመኪና ዞሮ መሄድ ሲቻል ሕፃናት ስለ ምን በጭቃ ይንገላታሉ ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ ዘመድ የሚከበረው በድካም ነው። እኔ ከዘራዬን ይዤ ከፊት፣ ልጆቹ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል በመካከል፣ አንቺ ከሁሉ ኋላ። ዳገት ላይ ወሬ አልፈቅድም። የሚመራ ሰው አንገቱን አያዞርም ብዬም እስክንደርስ ወደ ኋላዬ አላይም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በነበርሁበት ዘመን ሰልፍ የመራሁት እንዲሁ ነበርና ለቤተሰቤ ሌላ ሥርዓት አላበጀሁም። በየመታጠፊያው አንቺ ብቻ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ "አለን!" ትያለሽ፤ እኔም እቀጥላለሁ።

የሰናይት የበኩር ልጅ ናሆም በቅርቡ አንድ ነገር ነገረኝ። እኔ ከመታጠፊያው አልፌ ከዓይን በተሰወርሁ ቁጥር ልጆቹን ድንጋይ ላይ ታሳርፊያቸው፣ ከመሐረብሽ ቆሎ ፈትተሽ ታከፋፍያቸው፣ ከዚያም አሯሩጠሽ ታደርሻቸው ኖሯል። "አለን" የምትዪው የትንሿ ልጅ ትንፋሽ ከተመለሰ በኋላ ነው አለኝ። አርባ ክረምት ሕጌ ሳይሸራረፍ ተጠበቀ እያልሁ ስኮራ፣ ልጆቹን ለዘነበች ደጅ በሰላም ያደረሳቸው ሕጉን መጣስሽ ነበር።

ዘንድሮ ሰናይት፣ "አባዬ፣ የዘንድሮውስ ይቅርብዎ፤ እማዬም የለች፤ ጭቃውም ከብዷል" ብላ ለምናኝ ነበር። "እናትሽ ስላረፈች እኅቷን መጠየቅ ይቀራል?" ብዬ አፏን አስያዝኋት። በተለመደው ቅዳሜ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተሳፍረን ከተራራው ግርጌ ወረድን። እኔ ከፊት ሆንሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ናሆም፣ ከእርሱ ቀጥላ የዘጠኝ ዓመቷ ሩት፣ በመጨረሻ የአምስት ዓመቷ ቤዛ። ከቤዛ ኋላ ሰው አልነበረም። ዛሬ ስጽፈው እንዲህ ግልጽ ሆነ እንጂ ያን ጠዋት አልታየኝም። በየመታጠፊያው ዝምታ ነበር፤ ዝምታውንም ከልጆቹ ጨዋነት ቆጠርሁት። እንዲያውም በልቤ አመሰገንኋቸው።

ዘነበች ደጇ ላይ ቆማ ስትጠብቀን እንደ ልማዷ ከሩቅ ቀለደችብኝ፤ "ጄኔራሉ ከነጦራቸው ደረሱ! ምነው ጋሼ፣ ዘንድሮ ጦሩ ሳሳ? ትንሿን የት ደበቃችኋት?"

ያን ጊዜ ዞርሁ። ናሆም ነበር። ሩትም ነበረች። ከእርሷ ኋላ ባዶ መንገድና ጉም ብቻ ነበር። "የት ነው የቀረችው?" ብዬ ስጮህባት "ከባሕር ዛፉ ጫካ" አለችኝ። ጫካውን ካለፍን አንድ ሰዓት ሆኖን ነበር።

የሰፈሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ወጣ። ዝናቡም ያኔውኑ ወረደ። ዘነበች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደ ወጣት ቁልቁል ስትሮጥ እኔ ከኋላ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ያህል የቤዛን ስም ተጣራን። ያገኘቻት እንጨት ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት ናት፤ ከመንገዱ በታች ካለ ቦይ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ያለ ጫማ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ መንቀጥቀጥ እንኳ ትታ። ታቅፌያት ስወርድ በሕይወት መኖሯን ያወቅሁት ከትንፋሿ ሳይሆን ከሴትዮዋ ቃል ነው። ሳንባዋ ታሞ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተርፋለች። ነገር ግን ሳሉ አልለቀቃትም፤ ከኋላዋ ሰው ካልቆመላትም ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አትሻገርም።

አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ። ሰናይት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ "ማን ነበር የሚያያት?" ብላ ጠየቀችኝ። "ከፊቷ ሩት ነበረች፤ መቅረቷን እያወቀች ዝም አለች" አልሁ። ከተናገርሁት ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል አልነበረም፤ ነገሩ በሙሉ ግን ሐሰት ነበር። ሩት እዚያው አጠገባችን ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ፊቷን አዞረችባት፤ ልጅቷም እኅቴን ያስጠፋሁ እኔ ነኝ ብላ ምግብ እንቢ አለች። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ሁለት ሳምንት ያህል ቤቴ ተቀመጥሁ። ለስንቱ ተማሪ ውሸት ነውር መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ ሰው፣ በአንዲት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ ጥፋቴን ጭኜ ምሳዬን እበላ ነበር።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ላይ እንዲወድቅ በአገራችን ሥርዓት አለ። በሽምግልና ተቀምጬ ስንቱን ጎልማሳ አሸክሜአለሁ፤ ራሴ ግን ተሸክሜ አላውቅም። ቤዛ ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ጃኬቷን ስትሰጠኝ ኪሱ ውስጥ ሦስት ጠጠሮች ነበሩ፤ ከመንገድ የለቀመቻቸው፣ ከሰልፍ ያስቀሯት። ጳጉሜን አንድ ቀን እነዚያን ጠጠሮች በእጄ ጨብጬ መካኒሳ ወደ ሰናይት ቤት ሄድሁ። ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ፤ ከመድረሴ በፊት ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰናይትና ባሏ ባሉበት በሩት ፊት ተንበርክኬ ጠጠሮቹን ከእግሯ ሥር አኖርሁ። "ዝም ያሰኘኋችሁ እኔ ነኝ፤ ሳልዞር የሄድሁም እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን በአንቺ ያላከክሁም እኔ ነኝ፤ ማሪኝ" አልኋት። ሰናይት "ኧረ ይነሡ አባዬ! በእናቴ አጥንት ይነሡ!" እያለች ክንዴን ትስባለች። አልተነሣሁም።

ሩት ጎንበስ ብላ ጠጠሮቹን አየች። ከዚያም፣ "አባባ፣ አሁን መናገር ይቻላል?" አለችኝ።

ይቻላል አልኋት።

"ሦስት ጊዜ ልጠራዎት ነበር። ጀርባዎ ሲያስፈራኝ ተውኩት።"

የሺመቤት፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። ልጆቻችን በነዚያ ሁሉ ክረምቶች ያዩት ጀርባዬን ነው። አንቺም ያየሽው እርሱን ነው። አምና በዚያው ዳገት ላይ "አለን" ስትዪ ድምፅሽ ከወትሮው ቀጥኖ፣ በመታጠፊያና በመታጠፊያ መካከልም ዘግይቶ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ልብሽ ታሞ እንደ ነበር ሐኪሙ የነገረኝ ግን ጥቅምት ገብቶ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሰምቼ አልዞርሁም። ሩትን ማሪኝ ብዬ እንደ ለመንሁ አንቺን የምለምንበት ጊዜ አልተሰጠኝም።

ሩት ምራኛለች ብዬ አልጽፍልሽም፤ ገና ነው። እናቷ ግን ያን ዕለት እቅፍ አድርጋት አለቀሰች፤ ልጅቷም ከእናቷ ጋር ምሳ በላች። ተራራውን ከእኔ ጋር ዳግመኛ እንደማይወጡት ሰናይት ቁርጡን ነግራኛለች፤ ፍርዷ ትክክል ነው። የፈቀደችልኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በጥቅምት፣ በሙት ዓመትሽ ዕለት፣ ከቤታችን ደጅ እስከ መቃብርሽ። ሩት ትመራለች። ናሆም ይከተላታል። ቀጥላ ቤዛ ትሄዳለች፤ ጠጠር ልትለቅም ጎንበስ ካለችም ቀና እስክትል ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ከኋላዋ ያለሁት እኔ ነኝና።

ቦቲሽን ሰናይት እንድትወስደው ፈቅጃለሁ። ከበሩ ጥግ ያቆየሁት ከኋላዬ ገና የሚመጣ ሰው ያለ ስለሚያስመስልልኝ ነበር።

እግዚአብሔር ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ የማስታውስሽ በእብነ በረድ ሐውልት ሳይሆን በዚያ ቃልሽ ነው። በየመታጠፊያው "አለን!" ብዬ እጣራለሁ። ልጆቹ ሰምተው ይቀጥላሉ። እኔ ግን ቃሉን በጠራሁ ቁጥር ከሰልፉ አንድ ሰው መጉደሉን አውቃለሁ፤ ወደ ኋላዬም እዞራለሁ።

ጀርባውን ብቻ ያሳየሽ ባለቤትሽ።