ስንግ ቃሪያ ለእናትሽ

የኔ ትርንጎ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን ብዬ ብጀምርልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስዋሽ አፍንጫዬን እንደማክ አንቺ ታውቂያለሽ። ደህና አይደለንም። ቤቱ ጭር ብሏል።

ክረምቱ ዘንድሮ ከፍቷል። ከዓለም ባንክ ፌርማታ እስከ ብሎካችን ድረስ ጭቃ ብቻ ነው። ከብሎኩ ምድር ቤት ያለችው የስፌት ሱቄ ግድግዳዋ እርጥበት ጠጥቷል፤ ደንበኛም የለም፣ በዚህ ዝናብ ማን ልብስ ያሰፋል። ነጠላሽን ከተሰቀለበት አላነሳሁትም። ሰው ሁሉ አንሳው ይለኛል፣ እኔ እምቢ ብያለሁ።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ስለ እናትሽ ነው። እማማ በላይነሽ አሁንም ከኔው ጋር ናቸው፤ አማትና አማች ተፋጠን ቀርተናል። አንቺ እያለሽ የጀመራቸው መርሳት ብሶባቸዋል። ቡልጋ ያደጉበትን ቤት፣ የጎረቤቱን ውሻ ስም ሳይቀር ይነግሩኛል፤ ያንቺን ቀብር ግን አያስታውሱም። "ትርንጎ የት ሄደች?" ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር። በነገርኳቸው ቁጥር አዲስ መርዶ ይሆንባቸዋል፤ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ጎረቤት ደንግጦ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ረስተውት እንደገና ይጠይቁኛል። አንዲትን እናት ስንት ጊዜ ነው ልጅሽ ሞተች የምላት? አንጀቴ አልችል አለ፤ መዋሸት ጀመርኩ። ገበያ ሄዳለች እላለሁ፣ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች እላለሁ። እሺ ይላሉ፣ ቀኑ ያልፋል።

ፍልሰታ ሲገባ ቅዳሴ ሄዳለች አልኳቸው። ደህና ውሸት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ነሐሴ ላይ አንቺ ሌላ የት ትሄጂ ነበር? በዚህ ግን ጉድ ሆንኩ። እናትሽ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ጾሙን አልረሱም። ለካ እናንተ እናትና ልጅ አንዳችሁ ቅዳሴ ከሄዳችሁ፣ ቤት የቀረችው የሄደችዋ ጸበል ይዛ ሳትመለስ እህል በአፏ አይዞርም። ይህን ስንት ዘመን አየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩትም። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ምግብ አቀረብኩላቸው። "ትርንጎ ትምጣ" አሉ። በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ነጭ የለበሰች ሴት ከታክሲ በወረደች ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መሸ። ውሃ ብቻ ጠጥተው ተኙ። በማግስቱም እንደዚያው። በጠየቁኝ ቁጥር ያንኑ እደግማለሁ፣ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። ሰውነታቸው እንደሁ ድሮም የለ፤ በዚህ ከቀጠሉ እሳቸውንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

ስንግ ልሥራላቸው አልኩ። እማማ የቱንም ምግብ ቢመልሱ ያንቺን ስንግ መልሰው አያውቁም። አምና እንኳ፣ ከሐኪም ቤት ተመልሰሽ ደክሞሽ ሳለ፣ ወለሉ ላይ ትራስ ተደግፈሽ ቃሪያውን ስትሞዪ እሳቸው ሽንኩርት እየከተፉ ያቀብሉሽ ነበር። እኔ ከሳህኑ ስሰርቅ እጄን መታሽኝ። ምቱ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቀሎኝ ደነገጥኩ።

ይሄ እኮ እሳት እንኳ አይፈልግም፣ ሰነፍ ወንድ የሚሠራው ምግብ ነው ትዪኝ ነበር። እስቲ ሰነፉ ይሞክረው ብዬ ከጉልት ወፈር ወፈር ያለ ቃሪያ መርጬ ገዛሁ። በቢላ ስሰነጥቀው ወዲያ ማዶ ይወጣብኛል፤ ተናደድኩና የክር መቁረጫ መቀሴን አጥቤ አመጣሁ። የቁልፍ ቀዳዳ እንደ መክፈት ነው፣ በሱ እንኳ አታሚኝም። ፍሬውን በጣቴ ጠርጌ አወጣሁ። ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም አድቅቄ በዘይት፣ በሎሚና በጨው ለወስኩት። የቲማቲሙን ውሃ ሳላፈስ ነው ለካ የጨመርኩት፤ ቃሪያው ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። በማንኪያ እየጠቀጠቅኩ እንደምንም ሞላሁት። ከዚያ በዚያው እጄ ዓይኔን ነካሁና ባኞ ቤት ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። አንቺ ብትኖሪ መጀመሪያ ትስቂብኝ፣ ከዚያ ፎጣ ታቀብዪኝ ነበር። የሳቀብኝ የለም። ያን ጊዜ ክፉኛ ናፈቅሽኝ።

ለእማማ አቀረብኩላቸው። አንዱን አንስተው ከላይ ከታች አዩት። "ይሄ የትርንጎ እጅ አይደለም፤ እሷ እንዲህ ውሃ አታበዛም" አሉ። ከዚያ ሳህኑ ላይ ያለውን አገላብጠው ደህና የተሞላውን መርጠው አወጡ፣ በሌላ ሳህን ከደኑት። "ደክማ ነው የምትመጣው፣ ይሄ ለሷ ይቀመጥ" አሉኝ። ራሳቸው እህል ሳይቀምሱ ላንቺ ነው የሚያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም።

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "እማማ፣ ትርንጎ አትመጣም። ጥር ላይ ነው የቀበርናት" አልኳቸው። ደረት መድቃቱን እየጠበቅኩ እጃቸውን ያዝኩ። አልደቁም። ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ታዲያ ልጄ፣ እስካሁን ብቻህን ነው ያለቀስከው?" አሉኝ።

ትርንጎዬ፣ እንደዚያ ያለቀስኩት በቀብርሽም ቀን አይደለም። ያን ቀን እንግዳ ስቀበል፣ ድንኳን ሳስተክል ነበር። አሁን እናትሽ አቅፈውኝ፣ ስምሽን እየጠሩ፣ ሁለታችን ብቻ አለቀስንልሽ። ሲበቃን እንጀራ ቆርሰው፣ ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን እንደሚያበሉት፣ "እህል ቅመስ" ብለው አጎረሱኝ። እኔም አጎረስኳቸው። በሉ። ቃሪያው ሲያቃጥላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩት።

ተሻላቸው ብዬ እንዳላጽናናሽ፣ በማግስቱ ጠዋት የት ሄደች ብለው ጠየቁኝ። ዛሬም ጠይቀዋል። ትክክል ልሁን ልሳሳት አላውቅም፣ አሁን ግን ለስለስ አድርጌ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይጮሃሉ፣ አንዳንድ ቀን ፊቴን ይዳስሳሉ። ከዚያ አብረን እንበላለን።

እናትሽ መሞትሽን ነው የሚረሱት፤ ምናልባት አንድ ቀን አንቺኑም፣ እኔንም ይረሱን ይሆናል። እኔ ግን አልረሳም፣ ቃሌ ነው። እሳቸው የጣሉትንም እኔ ይዤላቸዋለሁ። በጠየቁኝ ቁጥር ትርንጎ የምትባል ልጅ እንደነበረቻቸው፣ የኔም ሚስት እንደነበረች፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።

ባልሽ ግርማ