የኩታበሩ ሳረንስት

ሐምሌ 26 ቀን 2003
ኩታበር ዋልኩ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተበጠሰ ጫማ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካ አጥር፣ ከገራዶ ሜዳና ከኩታበር ቤተ ክርስቲያን ደን ሳረንስት ሰብስቤ ማወዳደር... የመመረቂያ ጥናቴ ይኸው ነው። ድንጋይ ላይ የሚነጠፈው ያ ለስላሳ አረንጓዴ ነገር። ሥር ስለሌለው የሚበላው ከአየርና ከዝናብ ነው፤ አየሩ በናይትሮጅን ከተበከለ እሱ ላይ ይታያል። ኩታበር ንጹሕ ነው፣ ማነጻጸሪያ ይሆነኛል።

መምሬ አምባዬን፣ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ ከደኑ ሥር ባለች ማሳቸው ስንዴ ሲያርሙ አገኘኋቸው። "ከደኑ ቅጠል አይወጣም" ብለው ግማሽ ቀን አቆሙኝ።

"ምኑን ነው እምትለኪው?"

ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ አልኳቸው። ሌላ ምን ብዬ ላስረዳ?

"ከኮምቦልቻው ጋር ልታወዳድሪው?"

"አዎ አባ።"

ፈቀዱ። ድንጋዮቹ ላይ ምልክት አድርጌ ወረድኩ፤ የምሰበስበው ክረምቱ ሲያልፍ ነው።

ጥቅምት 8 ቀን 2004
ሁሉንም ሰበሰብኩ። የኩታበሩ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። ብርድ ይሆን? ማድረቂያ ቦታ የለኝም፤ አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። አከራዬ ከሪማ "ቤቴን ጫካ አደረግሽው እኮ" ብላ ተቆጣች።

ኅዳር 11
የላብራቶሪው ውጤት መጣ። የኩታበሩ ናይትሮጅን ከፋብሪካው አጥር ይበልጣል! ያውም በብዙ! አማካሪዬ ዶክተር ዘይኑልአቢዲን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ወላሂ ውሸት ነው ይሄ! ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የፈጠርሽው ነው።"

ኅዳር 12
እኔ ውሸታም? እኔ?!

ኅዳር 16
ኩታበር። መምሬ ገና ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

"እህሳ፣ ኮምቦልቻን በለጥን?"

እንዴት አወቁ?

"ዩሪያ በትኜለት የለ! ከወረዳ የሚመጣው ሁላ 'ማዳበሪያ ጨመራችሁ ወይ' ነው የሚለን። በኛ ደን የተነሳ ልጅቱ ትውደቅ እንዴ ብዬ... ያለችኝን ዩሪያ፣ ምልክትሽን እያየሁ።"

ጮህኩባቸው። ቄስ ላይ! የምፈልገው እኮ ዝቅተኛውን ነበር፣ ዓመቴን አጠፉብኝ፣ አልኩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "እኔ ምኑን አውቄ ልጄ" ብቻ አሉ።

ስወርድ ማሳቸውን አየሁት። የጎረቤቶቻቸው ስንዴ ታጭዶ ተከምሯል። የሳቸው ሳስቶ፣ ቀጭጮ፣ ዛላው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በንዴት ይሁን በምን እንጃ።

ታኅሣሥ 2
ዶክተሩ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። "ሳረንስቱማ የበላውን ነው የተናገረ" አለ። እኔን ይቅርታ መጠየቅ ግን... የት አባቱ! ክረምቱን ልደግም ነው። ጓደኞቼ ሐምሌ ላይ ይመረቃሉ፤ እኔ ድንጋይ ለድንጋይ።

ሰኔ 20
ኩታበር፣ አዲስ ድንጋይ ልመርጥ። መምሬ ከሩቅ አይተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። ተናደድኩ። እኔ መሸሽ ሲገባኝ? ቆይተው ወጡ። ከስተዋል።

"ልጄ... ያ ነገር፣ ወደቅሽ?"

"አለፍኩ አባ።"

"እውነት?"

"እውነት።"

"ታዲያ አሁን ምን አመጣሽ?"

"ሌላ ሥራ ነው። ዘንድሮ ዩሪያዋን ለስንዴው፣ አደራ!"

ሳቁ። መስቀላቸውን አወጡ፤ ተሳለምኩ።

ዶክተሩ ውሸታም ሲለኝ እውነቴን ነበር። ዛሬ ዋሽቼ መስቀል ተሳለምኩ። ቅርም አላለኝ።