የዳማ ጨጓራና የእኔ ስለት

ረቡዕ፣ ጥር 1 ቀን 1955 ዓ.ም.

ፈረሴ ዳማ ዛሬም ገብሱን ትቶ የጋጣውን ክዳን በላ። ሦስት አፍ ያህል ቆረጠመና ቆመ፤ ከዚያ አንገቱን አንጋጦ ከጣሪያው ሣር ይመዝ ጀመር። ሚስቴ ጥሩነሽ አይታ፣ «ባለቤቱን መስሎ ነዋ! የቀረበለትን ትቶ ያልቀረበለትን ይመኛል» አለችኝ። ነገር መወርወር ያስተማርኋት እኔው ነኝ፤ አሁን በራሴ ጦር ትወጋኛለች።

ለጥምቀት አሥር ቀን ቀረው። ልጄ አስማረ በዳማ ጉግስ ሊጫወት ነው። አምና የይፋጉ ጋላቢ ባየህ አሸንፎን «ፈረሳችሁ ላም ነው» ብሎናል። ይህች ቃል ከሆዴ አልወጣችም። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ዳማን አሳስሬ አስቀልባለሁ። ወጋችን ነው፤ ቅልብ ፈረስ ሜዳ አይወጣም፤ ሣር ሆዱን ያዘረጥጠዋል እንላለን። ጠዋት ገብስ፣ ማታ ገብስና ሽምብራ፣ በመሀል ባዶ ግርግም።

ያየሁትን ልጻፍ። ጠጉሩ ወዙን አጥቷል። ያዛጋል። የላይ ከንፈሩን ይሰበስባል። ጥርሱን ያፋጫል። ፋንድያው ግን ደህና ነው።

አስማረን «እጅህ ከባድ ነው፤ አንተ ነህ ያጎሳቆልኸው» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ግርግሙን ጠረገ።

ሐሙስ፣ ጥር 2

አስማረ ኮርቻ ጭኖ የሆዱን ጠፍር ሲያጠብቅ ዳማ ዞሮ ክንዱን ነከሰው። የልጅ ልጆቼ በእግሮቹ መሀል ሲሾልኩ የማይነቃነቅ ፈረስ! ገብሱን ቀምሶ ተኛ፤ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ያያል። አላላበውም፣ አልተንከባለለም፤ ቁርጠት አይመስልም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዓይን በልቶታል አለ። ሌላው ላንቃውን እንብጣው አለ። አስማረ ማጭድ እሳት ውስጥ ከቶ፣ «አባባ፣ ሆዱን ልተኩሰው፤ ጥምቀት ደረሰኮ» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ በአንተ ሆድ እንሞክረው» ብዬ ማጭዱን ነጠቅሁት። ሁሉም ሳቁ።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። እናቱ ገና በውርንጭላነቱ ሞታበት በላም ወተት ያሳደግሁት ነው። እንዳይሞትብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 3

ሐጂ እንድሪስን ፍለጋ ወረታ በእግሬ ሄድሁ፤ ጾሜን እንደ ያዝሁ። ሐጂ አሁን ጨው ይሸጣል እንጂ በጉልምስናው በቅሎ እየነዳ አገር ላገር የዞረ ነጋዴ ነው።

መንገድ ላይ ጨጓራዬ ተነሣብኝ። አምና የወረታው ክሊኒክ ድሬሰር «አባባ፣ ጨጓራዎ ቆስሏል፤ ሆድዎን ባዶ አያቆዩት፤ ተልባ ይጠጡ» ብሎኝ ነበር። ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ። አዛጋሁ። የቀሩኝን ጥርሶች አፋጨሁ። ሆዴን ሲያስጨንቀኝ መቀነቴን ፈታሁ። መቀነቱን በእጄ እንደ ያዝሁ ድንገት ብድግ አልሁ። ይህማ ዳማ ነው! እሱም ሲያዛጋ፣ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ጠፍር ሲጠብቅበት ሲናከስ የከረመው የእኔን በሽታ ነው!

ሐጂን ከጁምዓ ሲመለስ አገኘሁት። ሁሉን ነገርሁት።

«ስንት ሰዓት ባዶውን ይቆማል?» አለኝ።

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

«በባዶ ሆዱም ትጋልቡታላችሁ?»

«ቀለል እንዲለው ብለን።»

ራሱን ነቀነቀ። «አያ ደሴ፣ ፈረሱን መነኩሴ አደረግኸው እኮ! የፈረስ ሆድ ወፍጮ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይዞራል። የሚፈጨው ካጣ ድንጋዩን ይበላል። እኛ በቅሎ ሣር ሳናቀምስ አንጭንም ነበር። ይህን ሳላውቅ አንዲት ደግ በቅሎ ገድያለሁ።»

ያዘዘኝ ይህ ነው። ሣር ከፊቱ አይለየው። ገብሱ ወደ እፍኝ ይውረድ። ተልባ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ ሲዝለገለግ ከገብሱ በፊት ይጠጣ። ኮርቻ አንድ ወር አይንካው።

«ጥምቀትስ?» አልሁት።

«ጥምቀታችሁ በየዓመቱ ይመጣል፤ ዳማ ግን አንድ ነው። ለመዳኑም እኔ ዋስ አልሆንም፤ ፈጣሪ ያውቃል።»

እስላሙ ሐጂ ስለ ጥምቀት ሲያስተምረኝ እንደ ተማሪ ቆሜ ሰማሁ። ተልባ ከቤቱ አሸክሞ ሸኘኝ። እድሜ ይስጠው።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ዳማን ፈትቼ ሜዳ ሰደድሁት፤ ከላሞቹ ጋር። አስማረ ተቆጣ። «አባባ፣ አስረህ ቀልበው ያሉኝ አንቱ አይደሉም?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን «ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ» ብዬ አሾፍሁበት። እውነት ሲመጣብኝ ቀልድ ውስጥ እደበቃለሁ፤ ልማዴ ነው።

ጥሩነሽ አንድ ድስት ተልባ አፈላች፤ እኩሌታው ለዳማ፣ እኩሌታው ለእኔ።

«ማንኛችሁን ላስቀድም?»

«ጭራ ያለውን።»

«እንግዲያስ አንቱ ይጠብቁ» ብላ ለእሱ ይዛለት ሄደች።

ሰኞ፣ ጥር 6

አልተሻለውም። ተልባውን አሽትቶ ተወ። ድርቆሹንም እኩለ ቀን ድረስ አልነካም። ዓይኑ ፈዟል። እኔም ምሳዬን አልበላሁም፤ ጥሩነሽም ዛሬ አልቀለደችብኝም። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

ቁሐር ሚካኤል ደጁ ላይ ቆሜ ተሳልሁ። ጥላ አልተሳልሁም፣ ጧፍ አልተሳልሁም። «ዳማን ካተረፍህልኝ፣ ጥፋቱ የአስማረ ሳይሆን የእኔ እንደ ሆነ በሰው ፊት እናገራለሁ» አልሁ። ስወጣ ጧፍ ይሻለኝ ነበር ብዬ ተጸጸትሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ተመስገን! ሳህኑን ላሰው! ተልባውን ጨርሶ ጋቢዬንም ላሰ። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ ዋለ። እፍኝ ገብሱን በልቶ ጥርሱን አላፋጨም፣ ጎኑንም አላየም። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በጠራራ ፀሐይ።

ስለቱን እንደ ረሳሁት ሆኜ ዋልሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ከተራ

አስማረ ዳማን እየደባበሰ፣ «አባባ፣ ድኗል እኮ። አንድ ዙር ብቻ» አለኝ። ባየህን አስቤ ልቤ ከዳኝ። «እስኪ ጠፍሩን ሞክር» አልሁት። ጠፍሩ ሆዱን ገና ሲነካው ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። አስማረ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ኮርቻውን ራሱ መልሶ ሰቀለው። ጎሽ፣ የእኔ ልጅ።

እሑድ፣ ጥር 12

ትናንት ለጥምቀቱ ጉግስ አልወጣንም፤ ዳርም አልደረስን። ዛሬ ግን ሚካኤል ሲገባ መቅረት አይሆንምና ሄድን፣ በእግራችን። ባየህ ፈረሱን እያስገረ መጣና፣ «አስማረ! ፈረስህን ሚስትህ ደበቀችብህ? ወይስ ፈራህ?» አለው። ሜዳው ሳቀ። አስማረ መልስ ነበረው። «አባቴ ነው ያሳመመው» ቢል ይበቃው ነበር። አላለም።

ስለቴን አስታወስሁ። ሚካኤል ደግሞ ገና ከደጁ አልገባም፤ ይሰማል።

«ልጄ አልፈራም» አልሁ ጮክ ብዬ። «ፈረሱን ያሳመምሁት እኔ ነኝ። ካልታሰረ አይቀለብም ብዬ፣ ሣር ከልክዬ በገብስ ብቻ ባዶ ሆዱን አቆምሁት። ጨጓራው ቆሰለ። ልጄን ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ።»

ከዚያ አንዱ «አያ ደሴም ተሳስቼአለሁ አሉ! ምጽአት ደረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ገና ፈነዳ። አስማረ ግን አልሳቀም። ዘንጌን ተቀብሎኝ ክንዴን ያዘ። እንዲህ ከያዘኝ ቆይቷል።

ሰው ሲበተን ባየህ ፈረሱን እየሳበ በጎን ተጠጋኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ፣ የእኔም ገብሱን ትቶ የአጥሩን እንጨት ይገዘግዛል። ጠፍር ሳጠብቅ ይነክሰኛል። እልኸኛ ሆነ ብዬ እገርፈው ነበር። ይድናል?» አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነው።

አንድ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። የት እንደ ገባ እንጃ። ሐጂ ያለኝን አንድ ሳላስቀር ነገርሁት፤ የተረፈችኝንም ተልባ ከቤት አምጥቼ ሰጠሁት። ብቻ ሲሄድ አላስቻለኝም፤ «ባየህ! ከነገ ጀምሮ ከላሞች ጋር አሰማራው፤ እንዳያፍር ንገረው!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱም ሳቀ።

ዳማ ገና አልዳነም። አመሻሹ ላይ አንድ ጊዜ አዛግቷል፤ ሐጂ ያለው ወርም ገና ነው። አሁን ግን በላሞቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ሲነጭ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ወፍጮው የሚፈጨው አግኝቷል።