ሦስተኛው ተራ

ምንይሉ ወዳጄ፣

ህንድ ሙቀቱ ሊጨርሰኝ ነው! የአውቶቡስ ተራን ግፊያ የዚህ አገር ሰዎች ቢያዩት መናፈሻ ይመስላቸዋል።

ዛሬ የጭነት ወረቀት ላስጨርስ አንድ ቢሮ ገብቼ ከማሽኑ የወረፋ ቁጥር ወሰድኩ። አጠገቤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ለካ የክልሉ የቴክኖሎጂ ሚኒስትር ነው፤ እዚህ ክልልም ሚኒስትር አለው። ማሽኑን ያስተከለው ራሱ ነው። መሥራቱን ሊያይ መጥቶ፣ ሠራተኞቹ "ይለፉ" ቢሉት እምቢ ብሏል።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ወሬ ጀመርኩ። "እኛ ጋ የገበያው ሰፈርም ተራ፣ ወረፋውም ተራ፣ እንዲሁ ሰውም ተራ ይባላል" አልኩት።

"አንተ የትኛው ነህ?"

"ሦስቱንም! ከሶማሌ ተራ መጥቼ ተራዬን የምጠብቅ ተራ ሰው ነኝ።"

ከት ብሎ ሳቀ። "እኔን ሦስተኛው፣ ተራው ሰው ነው የጣለኝ! ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ ምርጫ ገባሁና ቅስቀሳዬን ሁሉ በስልክ ላክሁ። ተሸነፍኩ። በሁለተኛው ምርጫ ቤት ለቤት በእግሬ ዞርኩ፣ አለፍኩ።"

ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ! ለነጋዴዎቹ ኮሚቴ ልትመረጥ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተህ ሱቅህ ቁጭ ብለሃል። በቴሌግራም ብመክርህ ስለማትሰማኝ ይህችን ፖስት ካርድ ወደ አገር ቤት ለሚመለሰው ለጠሀ አስይዣለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። ኤልሳቤትንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ከሱቅህ ማዶ የሚነግዱት እትዬ በለጥሻቸው ጋ ግን ካርዷ እንደደረሰችህ ራስህ ሂድ። ስልክ የላቸውም እንጂ ድምፅ አላቸው።

ጃፋር