ራስሽ ተማሪው

ለተከበሩ አክስቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካሉበት ይድረስዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የኬፍ የተራራ ብርድ ከዚህ ከቢዘርት የባሕር ብርድ ይብሳል ይላሉ፤ ልጅዎ ያንን የሚያፈስ ጣሪያ አስጠገነልዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አክስቴ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት ሥራዎ የተባረሩት በእኔ ጥፋት ነው። ከቻሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሞግዚት ሆኜ ልቀጠር ስሄድ ባለቤቷ ማዳም ኑዝሃ የመጀመሪያ እርዳታ ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ ልጅ አላስነካሽም አለችኝ። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ስለ ደም ገና ሲወራ ከክፍሉ እወጣለሁ። እህቴ ወሂባ ሳቀችብኝ። «አንቺ ፈሪ! መታወቂያሽን አምጪ፤ መልካችን እንደሆነ አንድ ነው» አለች። መታወቂያዬን ይዛ ገብታ በስሜ ተማረች፣ በስሜ ተፈተነች። ማዳም ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ መግቢያው ላይ ሰቀለችው። በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አላየውም ነበር።

ያ ማክሰኞ ሻዲ እናቱን እያለ አላባራ አለኝ። ከቤቴ ግቢ ሐረግ የቆረጥኩት ጥቁር ወይን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ዝም እንዲልልኝ አንድ ፍሬ ሰጠሁት። ድፍኑን። እርስዎ ለልጆች ወይን ሲያቀርቡ እያንዳንዷን ፍሬ ለአራት እንደሚሰነጥቁ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ልቅሶው መሐል ላይ ቆመ። ቆመልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዞር ስል ከንፈሩ ጠቁሯል።

ማዳም «ምን ትጠብቂያለሽ? የተማርሽው አንቺ አይደለሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። እግሬ ከወለሉ ጋር ተሰፋ። በሊጥ እጅዎ ከወጥ ቤት የሮጡት እርስዎ ነዎት። ጭንዎ ላይ ደፍተው ጀርባውን በመዳፍዎ ሲመቱት እቆጥር ነበር፤ በአራተኛው ፍሬዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ልጁ ሲጮህ «እሰይ! አልቅስ የኔ ጌታ፣ አልቅስ!» ይሉ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ግማሹን ያውቁታል። እናቱ መጥታ «ለሦስት ዓመት ልጅ ድፍን ወይን የሰጠው ማነው?» ስትል ሁሉም ወደ ወጥ ቤት ዞረ። በዚያ ሳምንት ከወጥ ቤትዎ የወጣው ፍራፍሬ ፖም ብቻ ነበር። ይህን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ዓይን ለዓይን ተያየን። እርስዎ አላጋለጡኝም፤ እኔም ጥፋቴን አላመንኩም። ማዳምም አሰናበተችዎት።

የማያውቁት ግማሽ ደግሞ ይኸውልዎት። በማግስቱ ማዳም ተቆጣጣሪዎቹን ፈርታ ሪፖርት ጻፈች፤ ጥፋቱ የወጥ ቤቷ ነው፣ ልጁን ያተረፈችው ምስክር ወረቀት ያላት ሞግዚት ናት ይላል። ፈርሚ አለችኝ፤ ፈረምኩ። የሻዲ እናት አንድ ሳህን የቴምር ጣፋጭ፣ ማቅሩድ፣ ጋግራ አምጥታ እጄን ሳመችኝ። አንዱንም አልቀመስኩት።

ባለፈው ወር በራሴ መታወቂያ፣ በራሴ እግር ሥልጠናው ገባሁ። አሰልጣኛችን ሙንሲፍ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናቸው። የላስቲክ ሕፃን ክንዴ ላይ አስተኝተው «ምቺ እንጂ! ማባበል የለም፣ ትንፋሹ እያለቀ ነው!» አሉኝ። ስመታ እንባዬ ወረደ። «ምነው ልጄ፣ ሕፃን ሞቶብሽ ያውቃል?» ቢሉኝ፣ «አይ፣ ሌላ ሰው አትርፎልኝ ነው» አልኳቸው።

አለፍኩ። አዲሱን ወረቀት እንደያዝኩ የድሮውን ከግድግዳው አውርጄ ማዳም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽን እንዳላይ» አለችኝ። ትክክል ናት። የሻዲ እናት ቤትም ሄድኩ፤ ሰምታኝ ስታበቃ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ማዳም ግን በሦስተኛው ቀን ሰው ልካብኝ፣ ስለ እርስዎ «ወጥ ቤቱ እየጠበቃቸው ነው በያቸው» አለች። ራሷ ልትደውልልዎት አፍራ ነው። መመለስ አለመመለሱ የእርስዎ ፈንታ ነው።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የሄዱ ዕለት በሩ ላይ አቅፈውኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሂጂና ራስሽ ተማሪው፤ ነገ ለገዛ ልጅሽም ያስፈልግሻል» አሉኝ። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ከሆንኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም ነበር፤ እርስዎ ይህንንም የወረቀቱንም ምስጢር እንዴት አወቁ?

አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። እጅዎን ይባርክልኝ፣ ለጉልበትዎ ምሕረት ያውርድ። ይቅርታ ልለምን አልደፍርም፤ መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም።

ልጄ ይሏት የነበረችው